ለሽምግልና ወደ ጎንደር

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን እህቴ አስካል ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰኝ «ተነሥና ና፤ ለዳኛቸው ሽማግሌ ትሆናለህ» አለችኝ።

እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ግን ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ነው። እናታችንን ከቀበርን ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎንደርን አልረገጥኳትም።

ዳኛቸው የእህቴ አንድ ልጅ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ፣ በሽምግልና ወግ ከፊት መቆም ያለብኝ አጎቱ ነኝ። ችግሩ፣ ከዳኛቸው ጋር ሁለት ዓመት ያህል በቅጡ አልተነጋገርንም። ልጁ አምስት ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተምሮ ተመረቀ፤ ጥቂት ጊዜ ሠራበት፤ ከዚያ ትቶት አስጎብኚ ሆነ። ይህን ስሰማ በስልክ «ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ፈረንጅ ተከትለህ ለመሮጥ ነው?» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓል «እንኳን አደረሰዎ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ከመባባል አላለፍንም። አሁን እንግዲህ የናቅሁትን ሥራ ተሸክሜ የሰው ሴት ልጅ ልጠይቅለት መሄዴ ነው።

ባለቤቴ ብርሃኔ ጋቢዬን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ እየከተተች «አደራህን፣ እዚያ ሄደህ ደግሞ እንዳትመክር» አለችኝ።

«ሽማግሌ ካልመከረ ምን ሊሠራ ነው?»

«ይለምናላ! ዝም ብሎ ይለምናል።»

ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ቀሐ

ዓርብ አዲስ አበባ አደርኩና ቅዳሜ ጠዋት በአውሮፕላን ተነሣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የአዲስ አበባ ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ለሽርሽር ነው የምትሄደው። ጎንደሬ መሆኔን ስትሰማ ስልኳን አውጥታ ለመጻፍ ተዘጋጀች።

«ጋሼ፣ ግንቡ ውስጥ መጀመሪያ ምኑን እንይ?»

እኔ የነገሥታቱን ግቢ የማውቀው ኳሳችን አጥሩን አልፋ ስትገባ፣ ዘበኛው ሳያየን ዘለን እየገባን ነው። የቱ ቤተ መንግሥት የየትኛው ንጉሥ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። «ሁሉም ሸጋ ነው» ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከታች ጣና ተንጣልሎ ይታያል። ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ስልኳን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ መጀመሪያ የፈለግሁት በልጅነቴ በእግራችን የምንመጣበትን ሜዳ ነበር። ሜዳው የለም፤ በቦታው ፎቅ ቤቶች ተደርድረዋል። ሚኒባሶቹ ግን ያው ናቸው። ረዳቶቹ በር ላይ ተንጠልጥለው «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላሉ። ሻንጣዬ ስለከበደኝ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ኮፍያዬንና ሻንጣዬን አየና «ሆቴል ልውሰድዎት? ግንቡ ከአልጋዎ የሚታይበት አለ» አለኝ።

«ቀሐ ነው የምሄደው፤ ወደ ቤቴ።»

«እንዲያ ነዋ የሚባለው! አራት መቶ ልልዎ ነበር፤ ለጎንደሬ ሁለት መቶ ኀምሳ።»

«ቀሐ ማለትን እንግዳም ይችላል እኮ።»

«እንግዳ ቀሐ ሲል ጉሮሮውን ያመዋል» አለና ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ይህን የመሰለ ክርክር ሐዋሳ ውስጥ አላገኝም።

ከተማው ተቀይሯል። ፒያሳ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ከጣሊያን ዘመን የቀሩት ሕንፃዎች ቀለም ተቀብተዋል። የልብስ ሰፊዎች ሰፈር የነበረው መስመር ላይ የሐበሻ ልብስ ለፎቶ የሚያከራዩ፣ የቆዳ ሥዕል የሚሸጡ፣ ማኪያቶ የሚያፈሉ ተደርድረዋል። ግንቡ ራሱ ታድሶ፣ አዲስ ኖራ ተለስኖ፣ እኔ ከማውቀው ጥቁርና ሣር ያበቀለ ግንብ ሌላ መስሎ ቆሟል። ባለ ባጃጁ መኪኖቹን እያሳለፈ «ማታ መብራት ሲበራበት ቢያዩት!» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ከተማዬን ለመንገደኛ ያከራዩብኝ መሰለኝ።

እህቴ ቤት ስደርስ ደግሞ ይባስ። አስካል ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ «እታለም» ነው የምላት። አንገቴን አቅፋ አገላብጣ ከሳመችኝ በኋላ በፋኖስ ወዳጠናሁበት ጓዳ አስገባችኝ። በሩ ላይ «ክፍል ቁጥር 2» ይላል። ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተለጥፏል፦ ሙቅ ውሃ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ብቻ፤ እባክዎ ፎጣውን ወለል ላይ አይጣሉ።

«እታለም፣ ይሄ እኔንም ይመለከታል?»

«አንተን ነው በተለይ የሚመለከት» አለች። «ፎጣ ስትጥል ነው ያደግኸው።»

ሁለቱን ክፍሎች ለእንግዳ ካከራየች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥምቀት ከእንግዳው ብዛት የተነሣ ራሷ ወጥ ቤት ውስጥ ተኝታ እንደከረመች እንደ ጀብዱ አወራችኝ። ሰባ ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ እንደዚያ ቀን ስትፈነድቅ ግን አይቻት አላውቅም።

እሑድ፣ የዳኛቸው መምጣት

ዳኛቸው እንግዶች ይዞ ሰሜን ተራሮች ላይ ሰንብቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገባ። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል፣ ጫማው ላይ የሦስት ወረዳ አፈር አለ። ትከሻዬን ሳመና «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» አለኝ። «እንኳን ደህና ቆየኸን» አልኩት።  አስካል አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየች ቆየችና፣ ሁለታችንንም ማዕድ ፊት አስቀምጣ ራሷ ማውራት ጀመረች።

ልጅቷ እናኑ ትባላለች። ደባርቅ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ዳኛቸው ቁርጭምጭሚቷ የዞረባትን እንግዳ በበቅሎ ጭኖ ጤና ጣቢያ ይዞ ሲደርስ ነው የተዋወቁት። እንግዳይቱ አገሯ ገብታ ድናለች፤ ዳኛቸው ግን «እግሯ እንዴት ሆነ ብለው እንዳይጨነቁ ልንገራቸው» እያለ ጤና ጣቢያ መመላለሱን አልተወም። ይህን ስትነግረኝ ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው ቀላ።

«አባቷስ?» አልኩ።

«አባቷ አያ ጫኔ ናቸው» አለ ዳኛቸው። «ከደባርቅ ወጣ ብሎ ነው አገራቸው። አስጎብኚ የሚባል ነገር አይወዱም።»

አፌ ላይ የመጣውን ነገር ከወጡ ጋር ዋጥኩት። የብርሃኔ አደራ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሰኞ፣ ወደ ደባርቅ

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ የእህቴ የነፍስ አባት መምሬ ፈንታ፣ እና ጎረቤታችን አቶ ሙላት። አቶ ሙላት ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የራሱ አሮጌ ፒክአፕ ስላለው የተመረጠ ሽማግሌ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋቢያችንን ደርበን ተነሣን።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ አስፋልት ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆመን ዳቦ በሻይ ቀመስን፤ ለሦስታችን ዘጠና ብር። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከገደብዬ እስከ ዳባት ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው፤ በሬዎቹ ገብሱ ላይ ይዞራሉ፣ ገለባው በነፋስ ይነሣል፣ የሚያበራየው ሰው ዜማ በመስኮት ይገባል። መምሬ ፈንታ የነፋሱን ሽታ ሳቡና «ሽታው ራሱ እንጀራ ነው» አሉ።

ደባርቅን የማውቃት በጭቃዋና በማክሰኞ ገበያዋ ነበር። አሁን የበቅሎ ኪራይ፣ የድንኳን ኪራይ፣ የተራራ ምግብ አብሳይ የሚል ሰሌዳ በየበሩ አለ። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ጠመንጃ ያነገቱ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶች፣ ከእንግዶች ጋር ሲሣሣቁ አየሁ። አንዱ ስካውት ላንዷ ፈረንጅ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያስረዳ በአራት እግሩ ቆሞ ሣር ሲነጭ ሲያይ አቶ ሙላት መኪናውን ሊያጋጨው ነበር።

መኪናውን ደባርቅ አቁመን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። የአያ ጫኔ ቤት ወደ ድብ ባሕር ቆላ የሚያወርደው ገደል ሳይደርስ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ነው፤ የድንጋይ አጥር፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከጓሮው የገብስ ክምር። አያ ጫኔ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስልሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። በር ላይ ተቀበሉን፤ አጎዛ ተነጥፏል። ከውስጥ የበግ ጥብስ ሽታ ይመጣል፤ ባለቤታቸው ነገሩ የገባቸው ናቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም፤ ካልተፈቀደልንም እህል አንቀምስም» አሉ መምሬ ፈንታ እንደ ወጉ። ባርከው፣ ጸልየው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለው ለመኑ።

አያ ጫኔ እስኪጨርሱ ሰሙና «ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ።

አቶ ሙላት ቀደመ። «የተማረ መሐንዲስ ነው።»

«የተማረውን አይደለም፤ የሚሠራውን ነው የጠየቅሁ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አስጎብኚ ነው» አልኩ።

አያ ጫኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላጫውታችሁ» አሉ። «ከአራት ዓመት በፊት አውድማ ላይ ገብስ ሳበራይ አንድ አስጎብኚ ፈረንጆች ይዞ መጣብኝ። ፎቶ ያነሡኛል፣ እየተራቸው እጅ ይነሡኛል። እኔም ሸጋ ሰዎች ናቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ቆምኩ። እናኑ ከኮሌጅ ለእረፍት መጥታ አጠገቤ ነበረች፤ ቋንቋውን ትሰማለች። ለካ አስጎብኚው ‹ይሄ ገበሬ የአፄ ፋሲል ዘር ነው፣ ዘመን ጥሎት ነው አራሽ የሆነ› እያለ ነው የሚነግራቸው! እኔ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። አንድም ንጉሥ የለበት፤ ሁሉም ገበሬ ነው። አባቶቼን በቁሜ አስካደኝ።»

«ያ ልጅ... ዳኛቸው አልነበረም?» አለ አቶ ሙላት ፈራ ተባ እያለ።

«አልነበረም። ሥራው ግን ያው ሥራ ነው፤ የሰው ጆሮ የሚወደውን እየነገሩ መብላት።» ከዚያ ዓይናቸውን እኔ ላይ አደረጉ። «እርስዎ አጎቱ ነዎት። እርስዎስ ሥራውን ወደውለታል?»

መምሬ ፈንታ መስቀላቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። ብዋሽ ደግሞ እኚህ ሰው የሚያውቁብኝ መሰለኝ። «እውነቱን ልንገርዎት አያ ጫኔ» አልኩ። «አልወደድኩለትም። ሲጀምር ተቆጥቼዋለሁ። ሲሠራም አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።»

አቶ ሙላት በክርኑ ጎሸመኝ። መምሬ ፈንታ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳሉ።

«ምነው ታዲያ መጡ?»

«ልጁን እወደዋለሁ። እሱ ደግሞ ልጅዎን ይወዳል።»

አያ ጫኔ ወደ ክምራቸው ዞሩ። «እንግዲያው ሁለታችንም ስላላየነው ነገር ነው የምናወራ» አሉ። «ሐሙስ ጎንደር እወርዳለሁ። ሲሠራ አብረን እንየው። እስከዚያው አልሰጠሁም፤ አልከለከልኩም።»

የበጉን ሽታ ወደ ኋላ ትተን ወጣን። አቶ ሙላት እስከ ደባርቅ ድረስ አላናገረኝም። ደባርቅ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ጥብስ ካዘዘ በኋላ ብቻ «ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ሆነህ መኮረጅ አታውቅም?» አለኝ። መምሬ ፈንታ ሣቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ተያይዘን ሣቅን። ውስጤ ግን ፈርቷል። የልጁን ነገር በአፌ ያበላሸሁት መስሎኛል።

ሐሙስ፣ ግንቡ ውስጥ

ሰኞ ማታውኑ የሆነውን ሁሉ ለዳኛቸው ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «ልክ ነው፣ አይተውኝ አያውቁም» አለኝ ዝግ ብሎ። ከቁጣ የባሰ አሳፈረኝ።

አያ ጫኔ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። ጎንደር ለሕክምናም ለገበያም ብዙ ጊዜ መጥተዋል፤ ግንቡ ውስጥ ግን ገብተው አያውቁም። «ንጉሥ የሌለበት ግቢ ገብቼ ማንን እጅ ልነሣ ብዬ ነው» አሉኝ። ለዳኛቸው ደግሞ «እኔን እንደማንም ቁጠረኝ፤ ሥራህን ሥራ» አሉት።

የዕለቱ እንግዶች ከአዳማ የመጡ ቤተሰብ ናቸው፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ሴቶች ልጆችና አንዲት አያት። ጉብኝቱ በአማርኛ ስለሆነ ለአያ ጫኔ የሚያስተረጉም አላስፈለገም። ግቢው ውስጥ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ ተማሪዎች ተሰልፈው ይገባሉ፤ ፈረንጆች አንጋጠው ያያሉ። ዳኛቸው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኑ ወደ አያ ጫኔ ይሸሽ ነበር።

ከዚያ ግድግዳውን ነካ፤ ሌላ ሰው ሆነ። ድንጋዩ ከየት እንደሚፈለጥ፣ ኖራው እንዴት እንደሚቃጠልና እንደሚቦካ ነገረን። አንድ ቅስት ሥር አቆመንና ልጆቹን ትከሻ ለትከሻ አስደግፎ፣ ቅስት ያለ ብረት እንዴት እንደሚቆም በራሳቸው ሰውነት አሳያቸው። ከዚያ ቀድሞ በሲሚንቶ የተጠገነ ቦታ አሳየን። «ሲሚንቶ ውሃውን ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፤ ድንጋዩ ይታመማል። ኖራ ግን ይተነፍሳል። ለዚህ ነው አሁን ሲታደስ ወደ ኖራ የተመለሱት። አዲስ የመሰላችሁ ቀለም የድሮው ነው፤ የድሮ የመሰለን ጥቁረት ነው የኋላ ጉዳት።»

ቅዳሜ ዕለት ከባጃጅ ላይ ሆኜ ቅር ያለኝ ነገር ትዝ አለኝና ፊቴን ሞቀኝ። ጣለው ያልኩት ምህንድስና እዚህ ቅስት ሥር ቆሞ ይናገራል። እኔ ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዤ የለፋሁበትን ነገር፣ ሕፃናት ገብቷቸው ዓይናቸው ሲበራ የማየትን ነገር፣ ልጁ በአንድ ጠዋት አደረገው።

ትልቁን የግብር አዳራሽ ስናይ፣ እስከዚያ አንዲት ቃል ያልተነፈሱት አያ ጫኔ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«እኔም እንደማንም ነኝ፤ ልጠይቅ?»

«ይጠይቁ አባቴ» አለ ዳኛቸው።

«ይህን የሚያህል ግብር የሚበላ ሰው ከነበረ፣ እህሉን የት ነበር የሚያኖሩ? ጎተራው የታለ?»

ዳኛቸው ዙሪያውን ቃኘ። እኔ በልቤ ‹አንዱን ጥግ አሳያቸው፣ ማን ያውቃል!› እለዋለሁ። ከአጠገባችን ሌላ ቡድን የያዘ አስጎብኚ ጥያቄውን ሰምቶ፣ አንድ ጣሪያ የሌለው ክፍል እየጠቆመ «ያውና! እዚያ ነበር ጎተራው፤ ሺህ ጭነት ይይዝ ነበር» አለና አለፈ።

የአዳማዋ አያት ሺህ ጭነት ሲባል ተደነቁ። 

«እኔ አላውቅም» አለ ዳኛቸው። «ያ ክፍል ጎተራ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጎተራ ነው የሚያሰኝ ምልክት አላየሁበትም፤ አየር መግቢያው እንኳ ለእህል የሚሆን አይመስለኝም። እስካሁን ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። ማወቅ ነበረብኝ፤ አላውቅም።»

አለቀ፣ አልኩ በልቤ። አያ ጫኔ ዱላቸውን አንሥተው ወደዚያው ክፍል ሄዱ፤ ግድግዳውን ዳሰሱ፣ ወለሉን ረገጡ፣ አንጋጠው አዩ። ሲመለሱም ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ከግንቡ ወጥተን እስከ ቀሐ፣ እስከ ፋሲል መዋኛ ድረስ ሄድን። ለጥምቀት የተሠራው የእንጨት ሰገነት ገና እየተፈታ ነበር። ምሳ ሲደርስ የአዳማው ቤተሰብ ጋበዙን፤ አያ ጫኔ ግን «ስንቅ አለኝ» ብለው ከቦርሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ለአያቲቱም ዘገኑላቸው። ሁለቱ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ዳኛቸው ከሩቅ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ቤት ገባን። አስካል ከሌሊት ጀምራ ዶሮ ስትሠራ ውላለች፤ መምሬ ፈንታና አቶ ሙላትም መጥተዋል። ማዕዱ ተዘረጋ፤ ማንም ግን ለመጀመር አልደፈረም። ሁላችንም ወጉን እናውቀዋለን፤ ነገሩ ያላማረው ሰው አይቀምስም። አስካል የእጅ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ አያ ጫኔ ፊት ቆመች። 

አያ ጫኔ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። እጃቸውን ዘረጉ። ታጠቡ።

«መምሬ፣ ይባርኩ እንጂ፤ ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው» አሉ።

አስካል ማንቆርቆሪያውን ማስቀመጥ ረስታ እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አያ ጫኔ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለዳኛቸው አጎረሱት፤ አጎረሱትና አፉን እንደሞላ ነገሩን ተናገሩ፦ «ያኛው ሺህ ጭነት ሲል በሰማሁ ጊዜ፣ ይሄም አሁን ይዋሽልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሊያስደስተኝ ይፈልግ ነበራ! የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው፣ ያጠፋ ቀን አጠፋሁ ይላል። ለልጄ የምፈልገው ይሄንኑ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ሣቅ አሉ። «እናቷማ ካምና ጀምሮ ፈቅዳለች። እኔን ነበር የሚጠብቁ።»

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። አያ ጫኔ ሲሄዱ አቶ ሙላት በፒክአፑ እስከ መናኸሪያ አደረሳቸው፤ ሲመለስ ለእኔ ጎተራው የት ሊሆን እንደሚችል የራሱን አምስት ሐሳብ ይዞ ነው የመጣው።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

አዘዞ ድረስ የሸኘኝ ዳኛቸው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዬን ከሚኒባሱ ሲያወርድ እጁን ያዝኩት። በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የተናገርኩትን ቃል ፊት ለፊት መመለስ ከባድ ነው።

«ዳኛቸው፣ ያኔ በስልክ ያልኩህ ትክክል አልነበረም። ሥራህን አየሁት። ኮርቻለሁ።»

«ጋሼ ደግሞ!» አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ። አቅፎኝ ቆየ። ያመጣን ሚኒባስ ረዳት «እናንተ፣ ትሄዳላችሁ ወይስ እዚሁ ትከርማላችሁ?» ብሎ እስኪጮህብን ድረስ።

ሐዋሳ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ብርሃኔ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። ሁሉን ነገር፣ የበጉን ሽታ ሳይቀር ነገርኳት። «ታዲያ አልመከርክም?» አለችኝ። አልመከርኩም። ጎንደርን ከሩቅ ሆኜ እንደ ልጅነቴ ካልቆየች ብዬ ስፈርድባት ኖሬያለሁ። እኔ የወደድኳት ትዝታዋን ነው፤ ፎጣ አትጣሉ ብላ የምትጽፈው እህቴና ከንፈሩ የተሰነጠቀው ልጅ ግን በየቀኑ ተነሥተው የሚኖሩባት እነሱ ናቸው። ከተማ የማን ናት ቢባል፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚሠራባት ሰው ናት። ይህን ለማወቅ ነው ያን ያህል መንገድ የሄድኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ስልኬን አነሣሁና ዳኛቸው ጋር ደወልኩ። በዓል አልነበረም፤ የምነግረው ነገርም አልነበረኝም። ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሣው። ነፋስ ያፏጫል፤ ከኋላው የሰዎች ሣቅና የበቅሎ ኮቴ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ! ማታ እደውላለሁ!» ብሎ ዘጋብኝ።

ብርሃኔ «ምን አለህ?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት።